ጉልበት ይሻላል ወይስ ዕድሜ?

ባለፈው ወር ከባሕር ማዶ አንድ ረዥም መልእክት ደረሰኝ። የጻፈልኝ በኮሌጅ ሳለን በአንድ ክፍል ያደርን፥ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለሁለት ያነበብን ጓደኛዬ ነው። ዛሬ የሚኖረው በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ ለዋሽንግተን ከተማ ቅርብ በሆነ ስፍራ ነው። ስለ ጤናው፥ ስለ ሥራውና ስለ አገሩ ብርድ ጥቂት ቃል ከተናገረ በኋላ የቀረውን ሁሉ የሞላው ስለ አንዲት ትንሽ ኦቶሞቢል ነበር።

ኦቶሞቢሏ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ትባላለች። ይህች ዓይነት ኦቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበችው በ1989 በቺካጎ በተደረገው የኦቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መቀመጫዋ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ጣራዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደርና 1.6 ሊትር ሲሆን 116 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። የጓደኛዬ በ1990 የተሠራች ናት፤ ስለዚህ በዕድሜ ከእርሱም ከእኔም ትበልጣለች።

ጓደኛዬ አንዳንድ ቅዳሜ ይህችን ኦቶሞቢል ይዞ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ይሄዳል። በዚያ ሰሚት ፖይንት የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ የዋናው ሜዳ ዙሪያ 3.2 ኪሎሜትር ያህል ነው። ማንም ሰው ክፍያውን ከፍሎ፥ የራስ ቁሩን ደፍቶ፥ ከአስተማሪ ጋር ሆኖ የገዛ ኦቶሞቢሉን ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ልቡ የሚነዳባቸው ቀኖች አሉ። ዋንጫም ሽልማትም የለም። ይሁን እንጂ በቀጥታው መንገድ ላይ ሁሉም እያለፈው ሲሄድ ልቡ እንደሚቃጠል ጓደኛዬ አልሸሸገኝም።

ከዚያም ወደ ጉዳዩ ገባ። «አራት ሺህ ዶላር አጠራቅሜአለሁ» ይላል። «በዚህ ገንዘብ ለሞተሯ ቱርቦ ላስገባላት እችላለሁ። ግን ሰኞ ጧት ወደ ሥራ የምትወስደኝም ይህችው ናት። እናቴም ክረምት ሳይገባ የቤቷን ቆርቆሮ እንዳስለውጥላት ትጠብቃለች። አንተ የፊዚክስ አስተማሪ ነህና እስቲ ፍረደኝ፤ ላድርገው ወይስ ልተወው?»

ውድ አንባቢ፥ ምናልባት እርስዎ ኦቶሞቢል የለዎት ይሆናል፤ እኔም የለኝም። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በታክሲ ተጋፍቼ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የኦቶሞቢል ባለቤቶች ብቻ ጥያቄ አይደለም። በእጃችን ካለው ነገር የበለጠ ጉልበት ለማውጣት ስንሞክር ከዕድሜው ምን ያህል እንቀንሳለን? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል አብረን እንመልከት።

ወናፍ ለሞተር

አንድ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቀላቅሎ በማንደድ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ይነድ ዘንድ 15 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ቤንዚኑን መጨመር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ነገር አየሩን መጨመር ነው። ሲሊንደሩ በራሱ ኃይል የሚስበው አየር የተወሰነ ነውና፥ ከዚያ በላይ ቤንዚን ቢያፈሱበት ጥቁር ጭስ ያወጣ እንደ ሆነ እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

በአገራችን ባለ እጅ ብረት ሲቀጠቅጥ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከሰሉ ያው ነው፤ ብረቱም ያው ነው። ነገር ግን ወናፉ በተነፋ ጊዜ ፍሙ ይቀላል፥ ብረቱም ይለሰልሳል። ቱርቦም የሞተር ወናፍ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ይህን ወናፍ በልዩ ብልሃት ያሰበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱንም ያስመዘገበው በ1905 ነው። ብልሃቱ እንዲህ ነው፤ ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ትኩስና ግፊት ያለው ሆኖ ሳለ በማርሚታ በኩል ወጥቶ በከንቱ ይጠፋል። ቡኺ በዚህ ጭስ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መዘውር እንድትቆም አደረገ። ጭሱ መዘውሯን ያሽከረክራታል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው ሁለተኛ መዘውር ደግሞ ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳበች በግፊት ወደ ሞተሩ ታስገባለች። በዛሬዎቹ የትንንሽ ኦቶሞቢሎች ቱርቦዎች ዘንጉ በደቂቃ ከአንድ መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ዳገት የሚወጣ ከባድ የጭነት መኪና ባጠገብዎ ሲያልፍ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ብዙ ጊዜ የዚህች መዘውር ድምፅ ነው።

የፉጨቱን ነገር እኛ የደጋ ሰዎች ይልቁን ልናስተውለው ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በከተማችን ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የጓደኛዬ ኦቶሞቢል እዚህ ብትመጣ ከ116ቱ የፈረስ ጉልበት የሚቀራት 87 ገደማ ነው።

በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህንኑ ሊፈትን አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ፥ ከ4,200 ሜትር በላይ ወዳለው ከፍታ ወጣ። ሞተሩ በተራራው ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን አጥቶ ሳለ፥ ቱርቦ በተደረገለት ጊዜ በባሕር ወለል ላይ የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። ለቀጭን አየር መድኃኒቱ ወናፍ መሆኑ ከዚያ ወዲያ አላጠራጠረም።

የሙቀቱ ሒሳብ

እንግዲህ ቱርቦ ይህን ያህል መልካም ከሆነ ሁሉም ሰው ለምን አያስገባም? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ጠይቆኝ ነበርና፥ ለእርሱ በሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ሒሳብ ለእርስዎም ላቅርብልዎ።

የብስክሌት ጎማ በፓምፕ የነፋ ሰው ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እጅ እስኪፈጅ ድረስ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። አሁን ቱርቦው የአየሩን ግፊት በግማሽ ብቻ ይጨምር እንበል። የውጭው አየር 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፥ ከመልካም ቱርቦ የሚወጣው አየር 77 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሞቀ አየር ደግሞ ይሰፋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ሃምሳ በመቶ ቢጨምርም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በሚዛን የሚጨምረው 28 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ሙቀቱ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ኢንተርኩለር የሚባል የአየር ማቀዝቀዣ ራዲያተር በመካከል ይደረጋል። ይህ መሣሪያ አየሩን እስከ 40 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው ጭማሪው ወደ 43 በመቶ ከፍ ይላል። በወረቀት ላይ ሲታይ የጓደኛዬ 116 የፈረስ ጉልበት ወደ 166 ይጠጋል ማለት ነው። አንድ ቶን ለማትሞላ ኦቶሞቢል ይህ ብዙ ነው።

ነገር ግን ዕዳው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የጓደኛዬ ሞተር የተሠራው ያለ ቱርቦ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን አየር ዘጠኝ ተኩል ጊዜ ያህል (በትክክሉ 9.4) ያጥፈዋል። አስቀድሞ የተጨመቀውንና የሞቀውን አየር እንደገና ይህን ያህል ቢጨምቀው፥ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በየማእዘኑ ራሱን ያቀጣጥላል። ያን ጊዜ ሞተሩ በመዶሻ እንደተመታ ብረት ይንኳኳል። ይህ መንኳኳት ለጥቂት ጊዜ ከቆየ ፒስቶኑ ይበሳል ወይም ይሰነጠቃል፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ፖርሽ በ1975 የ911 ቱርቦን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ የሞተሩን መጨመቂያ ዝቅ አድርጎ 6.5 ለ1 ያደረገው ይህንኑ ፈርቶ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ አስቀድሞ አስቦበታል፤ ጓደኛዬ ግን ወናፉን የሚያስገባው ሳይታሰብበት በተሠራ ሞተር ላይ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ የሚነድደው ሙቀት ብዛት ነው። ከቤንዚን ውስጥ ካለው ኃይል ወደ ቸርኬ የሚደርሰው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭሱ፥ በራዲያተሩ ውሃና በዘይቱ በኩል ይወጣል። ጉልበቱ በአርባ በመቶ ቢጨምር ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ራዲያተሩ ግን ያው የጥንቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው መንገድና የእሽቅድምድም ሜዳ የሚለያዩት። በመንገድ ላይ ማንም ነጂ የሞተሩን ሙሉ ጉልበት ከጥቂት ሰከንድ በላይ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ከፊቱ ሌላ መኪና ወይም የትራፊክ መብራት አለ። ስለዚህ ቱርቦ የገባለት ኦቶሞቢል በመንገድ ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ሊሄድ ይችላል፤ ባለቤቱም «እነሆ፥ ምንም አልሆነም» ብሎ ይመካል። በሜዳው ላይ ግን ነጂው ለሃያ ደቂቃ ያህል እግሩን ከነዳጅ የሚያነሣው ፍሬን ሊይዝ ሲል ብቻ ነው። የውሃው መለኪያ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ የቱርቦው ቤት እንደ ፍም ይቀላል። በአንድ ቅዳሜ የሚደርስበት መከራ በመንገድ ላይ በብዙ ወር ከሚደርስበት ይበልጣል።

ታሪክ የሚያስተምረን

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልዎ። በ1962 ጄኔራል ሞተርስ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለውን ኦቶሞቢል ከቱርቦ ጋር አወጣ። ባለ 3.5 ሊትሩ ሞተር 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መጨመቂያው ግን 10.25 ለ1 ስለ ነበረ ሞተሩ እንዳይንኳኳ ንጹሕ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በልዩ ጋን ተቀምጦ ወደ ሞተሩ እንዲረጭ ተደረገ። ብልሃቱ በወረቀት ላይ የሚደነቅ ነበር። የሰው ጠባይ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች ጋኑን መሙላት ረሱ። ጋኑ ባዶ ሲሆን መሣሪያው ሞተሩን ለማዳን ግፊቱን ይቀንስ ነበርና፥ ሰዎቹ ኦቶሞቢሉ ደከመ እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ኦቶሞቢሉ ከ1963 በኋላ አልተሠራም። ፋብሪካው ራሱም በኋላ ለብዙዎቹ ቱርቦውን አውጥቶ ተራ ካርቡራቶር አስገባላቸው።

በእሽቅድምድም ዓለም ደግሞ ከሁሉ የከበደው ፈተና በፈረንሳይ አገር በሌ ማንስ የሚደረገው የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ነው። በዚያ ቱርቦ ያለበት ኦቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1976 ሲሆን ይኸውም የፖርሽ 936 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሳዩ ረኖ በፈጣን የቱርቦ ኦቶሞቢሎች መጣ፤ ሌሊቱንም ከፊት ሆኖ መራ። ነገር ግን የፋብሪካው ኦቶሞቢሎች ፒስቶኖቻቸው እየተቃጠሉ አንድ በአንድ ወጡ። አሸናፊው መጀመሪያ ላይ በብልሽት ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው የፖርሽ ኦቶሞቢል ሆነ። እርሱም ቢሆን ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፒስቶን ተበላሸበት። መካኒኮቹ የታመመውን ሲሊንደር ዘጉት፤ ዩርገን ባርትም በቀሩት አምስት ሲሊንደሮች ቀስ ብሎ እየነዳ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ፈጸመና ድሉን ወሰደ።

በ1978 ረኖ ተመልሶ መጣ። ከሁሉ የበረታውን ባለ 2.1 ሊትር ሞተር ለዣን ፒየር ዣቡይና ለፓትሪክ ደፓዬ ሰጠ፤ ዲዲዬ ፒሮኒና ዣን ፒየር ጆሶ ደግሞ በባለ 2 ሊትሩ ተሰለፉ። ብርቱው ኦቶሞቢል እስከ እሑድ ጧት መራ፤ ከዚያ ሞተሩ ተሰበረ። ድሉን ያገኘው ያነሰ ጉልበት ያለው ሆነ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት ከየት ይገኛል?

ይኸው ረኖ በ1977 ቱርቦን ወደ ፎርሙላ ዋን አስገብቶ ነበር። የሌሎቹ ሞተር 3 ሊትር ሲሆን የእርሱ 1.5 ሊትር ነበር። ቢጫው ኦቶሞቢል በየውድድሩ ነጭ ጭስ እያወጣ ስለሚቆም ሰዎች «ቢጫው የሻይ ጀበና» እያሉ ሳቁበት። የመጀመሪያውን ድል እስኪያገኝ ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ ይህም በ1979 በዲዦን ዣቡይ ባሸነፈ ጊዜ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነገር ነው። በ1979 ከሁሉ ቀድሞ የመነሻውን የመጀመሪያ ስፍራ ያገኘው በደቡብ አፍሪካ በኪያላሚ ሲሆን፥ በ1980ም ረኔ አርኑ በዚያው ሜዳ አሸነፈ። ኪያላሚ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነውና የሌሎቹ ሞተሮች ቀጭኑን አየር ሲስቡ ሲደክሙ የረኖ ወናፍ ግን ጉድለቱን ይሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቱርቦ ዞረ። ረኖ የቆየበትን የሁለት ዓመት ሽንፈት የቻለው ግን ፋብሪካ፥ መሐንዲስና ብዙ ገንዘብ ስለ ነበረው ነው። ጓደኛዬ ያለው አራት ሺህ ዶላርና አንዲት ኦቶሞቢል ነው።

ሚዛኑ

እንግዲህ ፍርዱ ቱርቦን መኰነን ነውን? አይደለም፤ ለሁለቱም ወገን የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። ማዝዳ ራሱ በ2004 እና በ2005 ሞዴሎቹ ይህችኑ ኤም ኤክስ 5 ከቱርቦ ጋር ሠርቶ 178 የፈረስ ጉልበት እንዲኖራት አድርጓል። የግል ባለቤቶችም ቢሆኑ ሥራውን በጥንቃቄ አሠርተው ብዙ ቅዳሜ በደስታ የነዱ አሉ። ቀላል ኦቶሞቢል ከታጠፈ መንገድ ወጥታ ወደ ቀጥታው ስትወረወር የሚገኘው ደስታም የሚናቅ አይደለም። እኔ የምለው ጉልበቱ በብድር የተገኘ ነው፤ ብድሩንም የሚከፍሉት ውሃው፥ ዘይቱ፥ ፍሪሲዮኑና ዲፈረንሲያሉ ናቸው። ከፋዮቹን ሳያበረቱ መበደር ጥፋት ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የሚከተለውን ጻፍሁለት፤ ለእርስዎም ባጭሩ ላስፍርልዎ።

መጀመሪያ፥ ገንዘብህን ከሞተሩ በፊት በጎማና በፍሬን ላይ አውለው። ሞተሩ በቀጥታው መንገድ ላይ ብቻ ይረዳሃል፤ ጎማና ፍሬን ግን በየማእዘኑ ይረዱሃል። በፍጥነት መጨመር የማቆም ችግር ይጨምራልና የፍሬን ሸራዎችህና የፍሬን ዘይትህ የሜዳውን ሙቀት የሚችሉ ይሁኑ።

ሁለተኛ፥ ትልቅ ራዲያተርና የዘይት ማቀዝቀዣ አስገባ። እነዚህ ዛሬ ባለው ሞተርህም ይጠቅሙሃል፤ ነገ ቱርቦ ብታስገባም አይባክኑም።

ሦስተኛ፥ የሞተርህን ጤና አስመርምር። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ሞተር ፋሻው አልቆ ወይም አንዱ ሲሊንደር ደክሞ ከሆነ፥ ቱርቦ ማስገባት ለበሽተኛ ጭነት መጨመር ነው። በ1994 ማዝዳ 1.8 ሊትሩን ሞተር ባስገባ ጊዜ ከኋላ ያለውን ዲፈረንሲያልም በበለጠ ብርቱ ለውጦታል፤ የአንተ ግን የቀድሞው ደካማው ነውና ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ አግባው።

አራተኛ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቱርቦውን ካስገባህ ግፊቱ ዝቅተኛ ይሁን። ኢንተርኩለር አይቅር፤ የቤንዚኑንና የእሳቱን ጊዜ የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተርም በሚያውቅ ሰው እጅ በመለኪያ ላይ ይስተካከል። ቤንዚኑ ባነሰ ጊዜ እሳቱ ይበልጥ ይግላል፤ ፒስቶንን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የግፊቱ ብዛት ሳይሆን የሥራው ቸልታ ነው።

አምስተኛ፥ የዘይት ሙቀት፥ የዘይት ግፊትና የውሃ ሙቀት መለኪያ በዓይንህ ፊት ይኑር። የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብለህ ንዳ፤ ከቆምህም በኋላ ሞተሩን ቶሎ አታጥፋ። ቱርቦው ፍም መስሎ ሳለ ዘይቱ ቢቆምበት በዘንጉ ዙሪያ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናልና።

ስድስተኛውን የጻፍሁለት እያመነታሁ ነው። «ለመሆኑ» አልሁት፥ «በማእዘኖቹ ላይ የሚያልፍህ የለምን? ከአንተ ያነሰ ወይም እኩል ጉልበት ያለው ኦቶሞቢል ያለፈህ እንደ ሆነ ጉድለቱ የሞተሩ ነው ለማለት አትቸኩል።»

የጓደኛዬ መልስ

መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ ግን ጻፈ።

ነገሩን ሳልነግርህ ቀርቼ ነበር፥ ይላል፤ በበጋው መጀመሪያ ላይ እንደ እኔው ባለች የ1990 ማዝዳ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አልፈውኛል። ሦስቱንም ጊዜ ያለፉኝ በማእዘን ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ኮፋኖውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። ራዲያተሩ ብቻ አዲስ ነው። «አብሬህ ልቀመጥ» አሉኝና ሃያ ደቂቃ አብረውኝ ነዱ። ፍሬኑን ቶሎ እንደምይዝና ነዳጁን ዘግይቼ እንደምሰጥ ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። በማግስቱ በዚያችው ኦቶሞቢል፥ በዚያው ጎማ፥ አንዱን ዙር ከቀድሞው በአራት ሰከንድ አሳጠርሁት።

ከአራት ሺው ዶላር ውስጥ ራዲያተር፥ የፍሬን ሸራና ጎማ ገዝቷል። የእናቱንም ቆርቆሮ ልኳል፤ ይህን የነገሩኝ እናቱ ናቸው እንጂ እርሱ አልጻፈልኝም። ቱርቦውን ግን አልተወውም። «ሞተሩ ሲመረመር ሦስቱ ሲሊንደር ደኅና ነው፤ አራተኛው ትንሽ ደክሟል» ይላል። «በመጣው ዓመት ሞተሩን አስፈትቼ ፋሻውን እለውጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያቺን ፉጨት አንድ ቀን ከኮፋኖዬ ሥር ሳልሰማ አልቀርም። አንተ ግን አሁንም ትስቅብኛለህ።»

አልሳቅሁበትም። ሞተሩን ካሳደሰ፥ ራዲያተሩን ካስቀደመና ግፊቱን ዝቅ ካደረገ ፉጨቷ ይገባዋል። ውድ አንባቢ፥ እርስዎም አንድ ቀን በአንዱ ነገር ላይ ወናፍ ለመጨመር ያሰቡ እንደ ሆነ፥ አስቀድመው ብረቱን ይመርምሩት፤ ውሃውንም ባጠገብዎ ያኑሩ። ባለ እጁም ቢሆን ወናፉን ከመያዙ በፊት የውሃውን ገንዳ ሞልቶ ነው።